ጥርስ ወልቆ አየሁና ስድስት አስተማሪ ይዤ ሞጣ ገባሁ

ዛሬ የሠራሁትን ብነግራችሁ ስልካችሁን አስቀምጣችሁ ትስቃላችሁ። ከመሳቃችሁ በፊት ግን በቅደም ተከተል ላስረዳ። አስተማሪ ነኝ፤ ያለ ቅደም ተከተል አይሆንልኝም።

በሕይወት ላሉት አባቴ ላለቅስ ሄድኩ!

ብቻዬን አይደለም። ስድስት አስተማሪ ይዤ!

ለማታውቁኝ፦ ተወልጄ ያደግሁት ሞጣ ነው። የማስተምረው ቢቸና፣ ባዮሎጂ። ሥራ ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ሰሌዳውን በሦስት ቀለም ጠመኔ የምከፋፍል፣ የትምህርት ዕቅዴን ፕላስቲክ የማለብስ ሰው ነኝ። (ሳቁ፣ ግድ የለም። የባሰው ይመጣል።)

ነገሩ የተጀመረው ዓርብ ዕለት ክፍል ውስጥ ነው። ስለ ነርቭ ሥርዓት እያስተማርኩ እንቅልፍ ተነሣ፤ እኔ ደግሞ ማንም ሳይጠይቀኝ ወደ ሕልም ገባሁ። ስንተኛ አእምሯችን ቀን የሰበሰበውን እንደሚለይ፣ የሚፈልገውን አስቀምጦ የማይፈልገውን እንደሚጥል አስረዳሁ። "ሕልም ማለት ቤት ሲጠረግ የሚነሣ አቧራ ነው" አልኩ። አባባሉ ለራሴ ደስ አለኝ። ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት። በቀይ!

አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ጥርስ ወልቆ ሲታይስ? ሰው ይሞታል ይላሉ እኮ።"

"ጥርስሽ ወልቆ ካየሽ ጥርስሽን ቦርሺ!"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ምነው በዚያው በቀረ!

ዛሬ ሊነጋጋ ሲል የታችኛው የመንጋጋ ጥርሴ መዳፌ ላይ ወድቆ አየሁ።

በእኛ በኩል የፊት ጥርስ ታናሽ ነው ይላሉ፤ መንጋጋ ወላጅ ነው። እናቴ ከሞተች አራት ዓመት ሆኗታል። እንግዲህ የቀረኝ መንጋጋ አንድ ነው።

ተነሥቼ ጥርሶቼን በምላሴ ቆጠርኩ። አልጎደሉም። "አቧራ ነው" አልኩ። ከዚያ ጥርሴን ቦረሽኩ። ሁለት ጊዜ።

ከዚያ ሞጣ ለአባዬ ደወልኩ። አይነሣም።

እዚህ ላይ ስለ አባዬ ካልነገርኳችሁ ቀሪው አይገባችሁም።

አባዬ ልብስ ሰፊ ናቸው። ልጆች ሳለን ቤታችን ውስጥ ቁርስ የሚቀርበው ሕልም ከተነገረ በኋላ ነበር። አባዬ የስፌት መኪናቸውን ዘይት እያጠጡ "እሺ፣ ምን አየህ?" ይላሉ። እኔ እነግራለሁ፣ እኅቴ ትቀጥላለች፣ እማዬ ትጨርሳለች። ሕልሙን ሳይናገር ደጁን የረገጠ ሰው ሕልሙን እንደጣለ ይቆጠር ነበር።

ከገደል ስወድቅ አየሁ ካልኳቸው "ቁመትህ እየጨመረ ነው" ይሉና ሱሪዬን ተቀብለው እግሩ ሥር የታጠፈውን ፈትተው ያስረዝሙልኛል። እውነትም አጥሮ ይገኛል!

የሚያስፈራ ነገር ካየን አንድም ቀን እንደሚያስፈራ አድርገው አልፈቱትም። የተበላ ኮሌታ ገልብጠው አዲስ እንደሚያደርጉት ሁሉ፣ መጥፎውን ሕልም ገልብጠው መልካም አድርገው ይሰጡናል። ከዚያ ሁላችንም በአንድ ድምፅ "ለመልካም ያድርግልህ!" እንላለን። ከዚያ ዳቦ።

አንድ ቀን ምንም ሳላይ አደርኩና ተራዬ እንዳያልፈኝ ፈጠርኩ። "በሬ በሞጣ ገበያ ላይ ሲበር አየሁ" አልኩ።

አባዬ መርፌውን ከከንፈራቸው አወጡና "ይሄ በሬ አሁን የተሰፋ ነው። ክሩ ገና አልተቆረጠም" አሉኝ።

እማዬ እስክታለቅስ ሳቀች። ያ ሳቋ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

እንግዲህ ያን ቤት እኔ ምን አደረግሁት?

ባለፈው ፋሲካ ሄጄ ቁርስ ላይ ተቀምጠን፣ አባዬ ዝቅ ባለ ድምፅ "እናትህን አየኋት። ከደጅ ቆማ፣ በላህ ወይ አለችኝ" አሉኝ።

ለመልካም ያድርግልዎ ማለት ነበረብኝ። ሦስት ቃል አይሞላም!

እኔ ግን ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩ ሰው ነኝ። የልብስ ጠመኔያቸውን አነሣሁ፤ ጨርቅ የሚቆርጡበት ጠረጴዛ ላይ አንጎል ሣልኩ። ትዝታ የሚቀመጥበትን ክፍል በቀስት አሳየሁ። "መጥታ አይደለም፣ አባዬ፤ እዚህ ጋ የተቀመጠው ነው የሚነሣው" አልኩ። ግማሽ ሰዓት አስረዳሁ።

"እንዲያ ነው?" አሉ። ሥዕሌን በመዳፋቸው ጠርገው ጨርቃቸውን ዘረጉ።

ከዚያ ወዲህ "ምን አየህ?" ብለውኝ አያውቁም። እኔም ለምን አልጠየቁኝም ብዬ አላውቅም።

ወደ ዛሬ እንመለስ።

እስከ ረፋድ አራት ጊዜ ደወልኩ። በአምስተኛው ተነሣ። ግን አባዬ አይደሉም፤ ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ ናቸው። የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ሱቃቸው ከአባዬ ሱቅ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ከልጅነቴ ጀምሮ እንደ እናት ናቸው።

"አባዬስ?" አልኩ።

"አባትህማ መናገር አይችሉም።"

"ምን ሆኑ?!"

"ሐኪም ቤት ወስደናቸው ተመልሰናል። አሁን ተኝተዋል። አይዞህ ልጄ፣ ምንም..."

ኔትወርኩ ተቋረጠ።

መልሼ ብደውል "የደወሉላቸው ደንበኛ" የምትለዋ ሴትዮ ብቻ።

አሁን እናንተ ፍረዱ። በአገራችን መርዶ በስልክ ይነገራል? አይነገርም! ሰው ሲሞት "ትንሽ አሟቸዋል" ነው የሚባለው። ሐኪም ቤት ሄደው ከተመለሱ፣ መናገር ካልቻሉ፣ ከተኙ፣ በላዩም "አይዞህ" ከተባለ... ምን ቀረ? ጥርሱም አለ!

ለማንም ምንም ሳልናገር ወደ ርእሰ መምህራችን ቢሮ ገብቼ ፈቃድ ጠየቅሁ። "አባቴን ትንሽ አሟቸዋል" አልኩ።

አያችሁ ስሕተቴን? ራሴ ነኝ ያንን ቃል የተናገርኩት! ርእሰ መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው አንገታቸውን ደፉ።

ግቢውን ሳልወጣ የስፖርት መምህሩ ተስፋሁን ክንዴን ያዘኝ። ተስፋሁን በሳምንት ሰባት ቀን የሚቀልድ ሰው ነው። ዛሬ አልቀለደም። "ብቻህን አትሄድም" አለኝ። ከኋላው አምስት አስተማሪ ቆሟል። በየእጃቸው ፌስታል አየሁ። ከፌስታሉ ውስጥ ነጠላ።

መርዶ ያልተነገረው ሰው ብቻውን መንገድ አይሄድማ! እነሱ እኔ አላወቅሁም ብለው ይደብቁኛል። እኔ እነሱ ቀድመው ሰምተዋል ብዬ ደመደምኩ። ማስረጃዬ እነሱ፤ የእነሱ ማስረጃ እኔ!

ሚኒባስ ተሳፈርን። ደብረ ወርቅ ስንደርስ ሾፌሩ ዘፈን ከፈተ፤ ተስፋሁን ትከሻውን ነካ አድርጎ አስጠፋው። ጉንደ ወይን ላይ የሒሳብ መምህራችን ውኃ ገዝታ ሰጠችኝና ፊቷን ወደ መስኮት አዞረች። አቧራው በመስኮት ይገባል። እኔ የማስበው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ስለዚያ በጠመኔ የተሣለ አንጎል። "ለመልካም ያድርግልዎ" ሳልላቸው ቀረሁ።

ሞጣ ገባን። ሰፈራችን ደረስን።

ደጃችን ላይ ሰው የለም። ድንኳን የለም። ጤነኛ ሰው ቢሆን "እፎይ" ይላል አይደል? እኔ ያሰብኩትን ልንገራችሁ?

"ቀብሩ አልቋል ማለት ነው!"

ከሚኒባሱ ዘለልኩ። "አባዬን! አባዬን!" እያልኩ በሩን ገፋሁት። ስድስቱም ነጠላቸውን አጣፍተው ከኋላዬ ለቅሶውን ለቀቁት። ተስፋሁን ሲያለቅስ ያለው ድምፅ! ግማሽ ሞጣ ሳይሰማው አልቀረም። ጎረቤት በየአጥሩ ወጣ። "ምነው? ማን ነው?" የሚል ሳይሆን እያለቀሰ የሚገባ ጎረቤት!

በዚህ መሐል የሱቁ የጓሮ በር ተከፈተ።

አባዬ ወጡ።

ሜትራቸው አንገታቸው ላይ ነው። የግራ ጉንጫቸው እንደ ሎሚ አብጧል። ጥጥ ነክሰዋል።

እኔ ደረቅሁ። የሒሳብ መምህሯ "በስመ አብ!" ብላ ቁጭ አለች።

የሚያሳዝነው ግን ምን መሰላችሁ? አባዬ እኛን ሲያዩ ማልቀስ ጀመሩ! በራቸው ላይ ይህን ያህል ሰው የሚያለቅሰው የእሳቸው ሰው ቢሞት ነዋ! አዲስ አበባ ያለችው እኅቴ መሰለቻቸው። መጠየቅ ይፈልጋሉ፤ ጥጡ አላስወራ አላቸው። ተመልሰው ገቡ፤ የሚቆርጡትን ጥቁር ጨርቅና ጠመኔያቸውን ይዘው ወጡ። ጻፉና ጨርቁን እንደ ሰሌዳ አነሡት።

"ማን ሞተ?"

ስድስት አስተማሪና አንድ ሰፈር ሙሉ ሰው እኔን ያያል።

"አንቱ" አልኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳቅ መጻፍ አልችልም። እትዬ ዘሃራ ከሱቃቸው ሮጠው ደርሰው "ጥርስ አስነቅለው እኮ ነው! ሐኪሙ ብዙ አታውሩ ቢላቸው ጭራሽ ዘጉት! ምንም አይደለም ልልህ ስል ኔትወርኩ ጠፋ! አንተ ልጅ፣ በቁሙ ላለ ሰው ታለቅሳለህ? ለዚህ ነው ያስተማርንህ?" እያሉ በነጠላቸው ጫፍ መቱኝ። መጀመሪያ ቀስ ብለው፣ ቀጥሎ የምራቸውን።

የታች መንጋጋ ነበር የተነቀለው። በግራ በኩል።

አስተውላችኋል? ጥርሱ ጥርስ ነበር! እኔ የሳይንሱ ሰው ምሥጢር ስፈልግለት፣ ሕልሙ እንዳለ ግልጽ ነበር። ደግሞም አውቅ ነበር! ባለፈው እሑድ በስልክ "ጥርሴን ያመኛል" ብለውኛል። እኔ ስኳር ጥርስን እንዴት እንደሚበላ አሥር ደቂቃ አስረዳኋቸውና "በየት በኩል ነው?" ሳልል ዘጋሁ። አእምሮዬ ግን ከእኔ ይሻላል፤ የጣልኩትን አንሥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠው።

ሊያለቅስ የመጣ ጎረቤት እንዲሁ አይመለስምና ሁሉም ተቀመጠ። እትዬ ዘሃራ ሻይና ዳቦ አመጡ። ተስፋሁን ነጠላውን አጥፎ ወደ ፌስታሉ እየመለሰ "ቆይ፣ አንተ ዓርብ ዕለት ሕልም አቧራ ነው ብለህ አላስተማርክም? ተማሪዎቹ ነግረውኛል" አለ። ሻዬን እስክጠጣ እንኳ አልታገሠኝም!

አባዬ ከኪሳቸው በቁራጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡ። ጥርሳቸው ነው። ከዚያ በጣታቸው ወደ ቆርቆሮው ጣሪያ አሳዩኝ።

ልጅ ሳለሁ ጥርሴ ሲነቀል ትከሻቸው ላይ አውጥተው "ወርውር፣ አዲስ ይሰጥሃል" ይሉኝ ነበር። ዛሬ የእሳቸውን እኔ ወረወርኩት። ቆርቆሮው ላይ ኳ፣ ኳ ብሎ ወደ ወዲያ ማዶ ወረደ። አስተማሪዎቹ አጨበጨቡ።

ያን ጊዜ አባዬ ጥጡን አወጡ።

"ምን አየህ?" አሉኝ።

ጥርሴ መዳፌ ላይ ሲወድቅ ነው ያየሁት አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና "ይኸው፣ ሕመሙን ከእኔ ተቀብለህ ጣልክልኝ። ለመልካም ያድርግልህ" አሉ። ኮሌታውን ገለበጡት!

"እማዬንስ አሁንም ያዩዋታል?" አልኩ።

ሜትራቸውን ጠቀለሉ። "መምጣቱን መቼ ተወች። ለማን ልናገር ብዬ ነው እንጂ። ትናንት ሌሊትም መጥታ፣ ይሄን ጥርስ ነገ ዛሬ አትበል፣ አስነቅለው አለችኝ። ጠዋት ተነሥቼ ሄድኩ።"

ማብራሪያው አፌ ላይ መጣ። እውነቴን ነው፣ ከነቀስቱ መጣ! የሚያም ጥርስ በእንቅልፍም እንደሚያም፣ አእምሮ ሕመሙን በሚወዱት ሰው ድምፅ እንደሚያናግር...

ዋጥኩት።

"ለመልካም ያድርግልዎ፣ አባዬ" አልኩ።

ረቡዕ ክፍል እገባለሁ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቢቸና እንደገባ ተስፋሁን በደስታ ነግሮኛል። ያቺ ልጅ እጇን ማውጣቷ አይቀርም። ምን ልበላት? እስካሁን ያገኘሁት መልስ "ጥርስ ወልቆ ካየሽ፣ መጀመሪያ አባትሽን የትኛው ጥርስ እንደሚያማቸው ጠይቂ" የሚል ብቻ ነው።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር? ደግሞስ፣ ዛሬ ጠዋት ምን አያችሁ?