በየስምንተኛው በር

ናሙና መውሰድ እኮ ዩኒቨርሲቲ ያመጣው ነገር አይደለም። ጤፍ ገዢ ከጆንያው አፍ አንድ እፍኝ ይዘግናል፤ አሸት አድርጎ፣ እፍ ብሎ፣ ወደ ብርሃን አስጠግቶ አይቶ ስለ ኩንታሉ ይፈርዳል። ጠንቃቃው ደግሞ እጁን እስከ ክርኑ ሰዶ ከታች ይዘግናል፤ ማኛው ከላይ፣ ሰርገኛው ከታች ሊሆን እንደሚችል ያውቃላ! ታክሲ ላይ ግን እንዲህ አንደክምም። ጋቢና የተቀመጠው ሰውዬ ሹፌሩን ብቻ ያናግርና «ሕዝቡ እንዲህ ነው የሚለው» ብሎ ይወርዳል። ታውቁታላችሁ። ምናልባትም እናንተው ናችሁ።

የምኖረው ቡራዩ ነው፤ ሥራዬ አዲስ አበባ፣ አቅሜ ቡራዩ። ኦቦ ቶሎሳ ግቢ ውስጥ ባለች ሰርቪስ ቤት ከሚስቴ ጋር ተከራይተናል። ኦቦ ቶሎሳ ድሮ ጤፍ ያመርቱበት የነበረው መሬት ዛሬ ፎቅ በቅሎበታል፤ የቀራቸው ይኸው ግቢ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ዘመኑ አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ያሰፋል የተባለው የማስተር ፕላን ነበር። ዛሬ መንገድ ይዘጋል፣ ነገ ተኩስ ይሰማል፤ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ የሰው ሁሉ ጥያቄ አንድ ነበር፦ ዶዘሩ በማን በኩል ይጀምራል?

በዚህ መሐል የሚስቴ ወንድም ዳኛቸው ከክፍለ ሀገር መጣ። ለማስተርስ ማሟያው ሰዎች ውሃ በምን እንደሚያጠራቅሙ ሊያጠና ነው። በርሜል ነው፣ ጀሪካን ነው፣ ሮቶ ነው? ከዚህ የበለጠ የዋህ ጥያቄ ይኖራል? ያስጨነቀው ስንት ቤት ቢጠየቅ ይበቃል የሚለው ነበር። ትንሽ ከሆነ አማካሪው አይቀበለውም፤ ብዙ ከሆነ እግሩ አይችለውም። በቀመሩ ውስጥ ለስህተት ሳይቀር የራሱ ድርሻ ተፈቅዶለታል። ሲደምር፣ ሲያካፍል ሰንብቶ ቁጥሩ ወጣለት። በዚያ ላይ «አንመልስም የሚሉ አይጠፉም» ብሎ፣ ገበያ ላይ ምርቃት እንደምንለው፣ ጥቂት ቤት ጨመረ። ሰፈሩን ለዚህ ሲያካፍለው በየስምንተኛው በር ማንኳኳት ሆነ። የሰፈራችን ቤቶች ቁጥር የላቸውም። ስለዚህ ሰኞ የሚያግዙት ጓደኞቹ እንዳይሳሳቱ፣ እሑድ አመሻሽ ላይ ለማንም ሳይናገር ወጥቶ በየስምንተኛው በር ላይ በጠመኔ ኤክስ አደረገ።

ኤክስ! በዚያ ሰሞን! የሚፈርስ ቤት በሩ ላይ ኤክስ እንደሚደረግበት የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ያውቃል።

ሰኞ ማለዳ ገና ከአልጋ ሳንወርድ ከላያችን ቋ! አለ። ቀና ስል ሰማይ አየሁ። እውነተኛውን ሰማይ፣ ከነደመናው። በቀዳዳው የኦቦ ቶሎሳ ፊት ብቅ አለ፤ እጃቸው ላይ ጉጠት አለ።

«ኦቦ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ያ ረቢ! ተነስ አንተ፣ ዕቃህን አውጣ! በሩ ላይ ምልክት አድርገውብኛል። ቆርቆሮው እንኳ ይትረፍልኝ!»

ሚስቴ ብርድ ልብሱን እስከ ራሷ ሳበችው፤ ጣራ ሲሄድ እሱም ጣራ ነው።

ደጅ ስወጣ የባሰ ጠበቀኝ። ከመንገዱ ጫፍ እስከ ጫፍ በየስምንተኛው በር ላይ አልጋ ወጥቷል። አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ የሠርግ ፎቶ፣ የታሰረች በግ። ከዚያ ሰባት በር ጭር ይላል፤ ከዚያ ደግሞ አልጋ። ምልክት ያልደረሳቸው ጎረቤቶች ዕቃ ያግዛሉ፤ ፊታቸው ላይ እፎይታም አለ፣ ሀፍረትም አለ። ዳኛቸው አጠገቤ ቆሞ አልጋዎቹን ይቆጥራል። ከመረጣቸው ቤቶች መልስ ያልሰጠ አንድም አልነበረም። ምርቃቶቹም ጭምር።

እባብ ያየ በልጥ በረየ አትበሉኝ። እባቡ በዚያ ሰሞን በየመንገዱ ነበር።

ዳኛቸው ኦቦ ቶሎሳ እግር ላይ ሊወድቅ ደረሰ። «አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ጥናት ነው። እርስዎ ጎረቤቶችዎን እንዲወክሉ ነው የተመረጡት።»

«ማን ጠየቀኝ? ሰባቱ ተኝተው እኔ ልወክላቸው? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ!» አሉና ድንገት መሬት ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ሽማግሌ ሲያለቅስ ማየት እንዴት ያለ ነገር ነው! እኔም ዓይኔን የማደርግበት ጠፋኝ።

ዳኛቸው እርጥብ ጨርቅ ይዞ በር ለበር እየዞረ ጠመኔውን ጠረገ፤ አልጋዎቹን መልሶ ሲያስገባ ዋለ። ጥናቱንም ወደ ሌላ አገር አዛወረ። የእኔም ቆርቆሮ ወደ ቦታው ተመለሰ። ምስማሩ ግን አልተመታም። ኦቦ ቶሎሳ ድንጋይ ብቻ ጫኑበት፤ ነፋስ በመጣ ቁጥር ይንቋቋል።

አንድ ቀን ድንጋዮቹን ሲያስተካክሉ መሰላሉን ይዤላቸው «ኦቦ፣ ምስማሩን መቼ ነው የሚመቱት?» አልኳቸው። «ውሸት መሆኑን እኮ ሰምተዋል።»

«ሰምቻለሁ፣ ልጄ። ግን እኔ ጤፍ ሸጬ አውቃለሁ» አሉ፣ ወደ ፎቆቹ እያዩ። «አንዴ እፍኝ ከተዘገነ ገዢው መጥቷል ማለት ነው።»

ጎንበስ ብዬ አንድ ድንጋይ አቀበልኳቸው።