ቅርስ ላይ ያጠብኩት ካልሲ

የአገራችንን ቅርስ የሚያጠፋው ሌላ ማንም አይደለም... ሚስቱን የሚፈራ ባል ነው! አትሳቁ፤ ከራሴ ልነሳ።

እኔ ነዋሪነቴ ሐይቅ ነው። ባለፈው ዓመት ባለቤቴ ዘሀራ «ልብስ የማሽበት ደህና ድንጋይ ካላመጣህልኝ» ብላ ወጥራ ያዘችኝ። አምባሰል ውስጥ፣ ከአባቴ መንደር በላይ ካለው ጉብታ ላይ፣ ክብ ሠርተው የቆሙ የጥንት ድንጋዮች አሉ። ማን እንደተከላቸው የሚያውቅ የለም። አንዷ ወድቃ ተጋድማለች፤ ለስላሳ፣ ጠፍጣፋ... እስቲ ፍረዱኝ፣ ይቺ ለልብስ ማጠቢያ ካልሆነች ለምን ተፈጠረች? በባጃጅ ጭኜ ላጥ!

ከወራት በኋላ አጎቴ ሐጂ ይማም ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ቶሎ ድረስ! ድንጋዮቹን ቅርስ ብላ የምትመዘግብ ባለሙያ መጥታለች። አንዷ ተሰርቃለች!»

ባጃጅ ይዤ በረርኩ። ስደርስ ሽማግሌዎቹ የሌባ አፈላላጊ ኮሚቴ አቋቁመው ጠበቁኝ። ሊቀመንበሩ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እኔ! «የተማረ ነው» ተብዬ።

ባለሙያዋ ለጋ ወጣት ናት። «አባቶቼ፣ አንዷን ድንጋይ ማንሳት ከመጽሐፍ ገጽ እንደ መቅደድ ነው» ስትል አንጀቴን በላችው። ለካ እኔ የአያቶቼን ታሪክ ቀድጄ ካልሲ አጥቤበታለሁ!

«ሌባው እኔ ነኝ» አልኩ።

እርግማን ስጠብቅ ሐጂ ይማም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አብሽር ልጄ። ወላሂ፣ እኔም በጎረምሳነቴ አንዷን ወስጄ በሬ አስሬባታለሁ።»

ጎረቤታቸው እማማ ጥሩዬ አፋቸውን በነጠላ ከለል አደረጉ። «በግሸኗ ማርያም! የኔዋ እኮ ደጃፌ ላይ ናት፤ ፀሐይ እሞቅባታለሁ።»

ባለሙያዋ የወሰደ ሁሉ ድንጋዩን የሚመልስበትን ቀን ቀጠረች። እኔም ወደ ሐይቅ ተመልሼ ለዘሀራ ነገርኳት። «መልሳት» አለች፣ «ልብሱን ግን ከዛሬ ጀምሮ አንተ ነህ የምታሸው!» እሺ ከማለት ሌላ ምን አማራጭ አለኝ?

በቀጠሮው ቀን ድንጋዬን ይዤ ጉብታው ላይ ስወጣ መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጥቷል። በአህያ የጫነ አለ፣ በቃሬዛ የተሸከመ አለ። ባለሙያዋ የእያንዳንዱን ቦታ እየጠየቀች ስትመዘግብ የአጎቴ መንደርተኛ አያ ሰይድ ያመጣው ድንጋይ ላይ ስትደርስ ግራ ገባት።

«አያ ሰይድ፣ ይሄ እኮ የወንዝ ድንጋይ ነው! ከዚህ አልተወሰደም።»

አያ ሰይድ አንገቱን ደፋ። «አውቃለሁ እህቴ» አላት፣ «አገር ሁሉ ይዞ ሲመጣ እኔ ባዶ እጄን ልምጣ?»