አገር የዞረች ሞተር

ያገለገለ ነገር የሚሸጥ ሰው ሁሉ ፊቱ አንድ ነው፤ ልጁን የሚድር አባት ይመስላል። ጋቢም ይሽጥ ጊደር፣ «ባይቸግረኝ ከእጄ ባልወጣች» ይላል። ገዢም አብሮ ያዝናል። አዝኖ የገዛ ሰው ደግሞ ዋጋ አይከራከርም።

እኔ ያንን ፊት ያየሁት በጣሊያን ጊዜ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ፣ ሞተር ሳይክሉን ሊሸጥ በቆመ አንድ የጣሊያን ወታደር ላይ ነው። አገር ሙሉ ሲቀማ ዓይኑን ያላሸ ሰው ለአንድ ሞተር እንባ ሲያቀርር ብታዩ እናንተም ልባችሁ ይራራ ነበር።

ሞተር ምን ያደርግልሃል ትሉኝ ይሆናል። ሚስቴ ውባለም አኩርፋ ሉማሜ አጠገብ ካባቷ ቤት ገብታለች። አባቷ ግራዝማች ከነወንዶች ልጆቻቸው ጫካ ወርደው ጣሊያንን ሲወጉ፣ እኔ ማርቆስ ተቀምጬ ለጣሊያን ማር እሸጣለሁ፤ ጥፋቴ ይኸው ነበር። እኔማ ማሩን ማስወደዴን እንደ ትግል እቆጥረው ነበር፤ እሷ ግን አልቆጠረችልኝም። ሽማግሌ ብልክ አልመለስም አለች። ያለ እሷ ቤቱ ቤት አልሆን ብሎኝ፣ እውነቱን ልናገርና፣ እህል እንኳ ከጉሮሮዬ አልወርድ ብሎ ነበር። ራሴ ሄጄ ማምጣት አለብኝ። ታዲያ ሚስቱ ያኮረፈችበት ባል እንዴት አድርጎ ነው የሚሄደው? ግርማ ይዞ ነዋ።

ሞተሯን የመረመርኳት እኛ አገር በቅሎ እንደሚመረመር ነው። ዙሪያዋን ዞርኩ፤ ጎኗን መታ መታ አደረግሁ፤ ጥርስ ባጣባት ጊዜ መብራቷን አጎንብሼ አየሁ። ዘሯን ብጠይቅ፣ «በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች» እንዲሉ፣ ከወታደሩ ጋር የቆመው አስተርጓሚ ስለ አባቷ ዝም ብሎ ስለ ተሠራችበት ከተማ ውበት ነገረኝ።

ከዚያ ወታደሩ ፊቱ ቀላ ብሎ መሪዋ ሥር ያለ ሰዓት መሳይ ነገር አሳየኝ። በውስጡ ያሉት ቁጥሮች የሄደችበትን መንገድ ነው አሉ የሚቆጥሩት። ከአስመራ ጎንደር፣ ከጎንደር ማርቆስ፣ ከዚያ አባይን ወርዳ አዲስ አበባ ስትመላለስ ቁጥሩ ሊያልቅባት ምንም አልቀረው። አስተርጓሚው ይህን ሲነግረኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ትቼው እንዳልሄድ ሰግቶ ነው። ምስኪን፣ ጎጃሜን አላወቀም። እኛ ዘንድ መንገድ ያላየች በቅሎ ማን ይገዛል? ድልድይ ስታይ ትደነብራለች፤ ወንዝ መሐል ትቆማለች። አገር የዞረች በቅሎ ግን ጌታዋን እንቅልፍ ቢወስደው እንኳ ከደጁ ታደርሰዋለች። አባይን እየተሻገረች የኖረች ሞተር ሉማሜ ያቅታታል?

ሌላ ገዢ ሳይቀድመኝ ግራዝማች በሠርጌ የሸለሙኝን በቅሎ ከነእርካቧ ሰጥቼ ለወጥኩ። ወታደሩ ወዲያው እንባውን ጠረገ፤ በቅሎዋ ላይ ወጣና ዞር ብሎ ሳያየን ሄደ። ያን ያህል የሠለጠነ ሰው ሞተር ሰጥቶ በቅሎ ሲወስድ ትንሽ መጠርጠር ነበረብኝ።

መንዳቱን አስተርጓሚው አሳየኝና በማግስቱ ነጭ ለብሼ ወጣሁ። እስከ አምበር ድረስ፣ ውሸት ምን ያደርግልኛል፣ ደጃዝማች ነበርኩ። ዶሮውም ውሻውም መንገድ ለቀቀልኝ። ከአምበር ወዲያ ዳገት ላይ ማሳል ጀመረች፤ አንዴ አስነጠሰችና ጸጥ አለች። እንደ ደከመች በቅሎ ጥላ ሥር አሳረፍኳት። ውሃም አጠጣኋት፤ በየት በኩል እንደሆነ አትጠይቁኝ። ከዚያ ወዲያ ማሳሉንም ተወችው። የቀረውን መንገድ እኔ ሞተር ሆኜ እሷን ወሰድኳት።

ሉማሜ ሊደረስ ሲል ከቁጥቋጦው ውስጥ ጠመንጃ ከነሰዎቹ ብቅ አለ። የጣሊያን ሞተር ይዞ የተገኘ ሰው ባንዳ ነው ተብሎ ማለቁ ነው ብዬ ስጸልይ፣ አንደኛው የግራዝማች አማች መሆኔን ለየ። ከዚያማ ብቻውን ጣሊያን ገድሎ ሞተር ማርኮ መጣ ብለው አቀፉኝ። ልብሴ በዘይት ጠቁሯል፤ ክንዴ ተልጧል፤ ከድካም ብዛት መናገር አቅቶኛል። ጀግና ከዚህ ሌላ ምን ይመስላል? ላርማቸው አስቤ ነበር። ጠመንጃዎቹን አየሁና ዝም አይነቅዝም አልኩ።

ግራዝማች ያን ቀን ከጫካ ቤታቸው ገብተው ነበርና በግ አሳረዱ፤ ሞተሯን ግቢው መሐል አስቁመው ፎከሩባት። ምርኮውን በለውጥ ያመጣ ጀግና ከእኔ በፊት መኖሩን እንጃ። ውባለም የእጅ ውሃ ይዛ ቀረበች። ሞተሯን አየች፤ እኔን አየች፤ ውሃውን እያፈሰሰች፣ አባባ የሰጡህ በቅሎ የት አለች ብላ ቀስ አድርጋ ጠየቀችኝ። ግራዝማች በቅሏቸውን ጣሊያን እየጋለባት መሆኑን ቢሰሙ ቀጥሎ የሚታረደው በግ እንዳይመስላችሁ። እሷ ግን ፈገግ ብቻ አለች። ናፍቃኝ ስለነበር፣ በቃ ታረቅን አልኩ።

ከምሳ በኋላ እጅ ነስቼ ሚስቴን ይዤ ልሂድ ብዬ ለመንኩ። ግራዝማች አሰቡና፣ ጣሊያን የገደለ ሰው ማርቆስ ቢመለስ በጠዋት ይሰቀላል አሉ። አልገደልኩም እንዳልል የበላሁት በግ ገና ከሆዴ አልወረደም። አማልጂኝ በሚል ዓይን ውባለምን አየኋት። እሷም አንገቷን ደፍታ በትሕትና፣ እውነት ብለዋል አባባ፣ እሱ ከእርስዎ ጋር ጫካ ይሁን፤ ቤቱን እኔ ሄጄ እጠብቃለሁ አለች።

እንግዲህ እንደተመኘሁት ሚስቴ ቤቷ ገባች። አባቷ ጋር የቀረሁት እኔ ነኝ።