የቤንዚን ወገንና የናፍጣ ወገን

ስለማያውቁት ነገር መናገር ኃጢአት ቢሆን ኖሮ የሐረር ሰው፣ የጀጎሉም የውጭውም፣ ገነትን ከሩቅ እንኳ አያያትም ነበር። ስለሚያውቀው ነገር ስትጠይቁት አፉን ሞልቶ አይመልስላችሁም። የቡና ነጋዴውን ስለ ቡና ጠይቁት፤ «እሱ እንግዲህ እንደ ዓመቱ ነው» ብሎ ያልፋችኋል። ይኸው ሰው ስለ ጨረቃ ወይም ስለ ጉበት በሽታ የተነሣ እንደሆነ ግን ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ከሁሉም በላይ የሚጥመው ደግሞ ስለ ሌላ ሰው መኪና ማውራት ነው። የራሱ ቢኖረውማ ሥራ ይይዘው ነበር።

እኔ በዚያ ዘመን ፈላና በር አጠገብ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ከመኪናዬ (የስፌቱን ማለቴ ነው፤ እሱ በእግር ስለሚሄድ ማንም አልተከራከረበትም) ቀና ስል ፊት ለፊቴ በአንድ ግድግዳ የተያያዙ ሁለት መጋዘኖች ይታዩኛል። አንደኛው የሐጂ ዩሱፍ ነው፤ የጀጎል ሰው፣ ረጋ ያሉ፣ ከመናገራቸው በፊት ጢማቸውን የሚዳብሱ። ሁለተኛው የጋሽ ደስታ ነው፤ አያታቸው ከሸዋ መጥተው የሰፈሩ፣ ችኩል፣ ኮታቸውን በሐምሌም በሚያዝያም የማያወልቁ። ሁለቱም ድንችና ሽንኩርት ከገበሬ እየገዙ ድሬዳዋ ይልካሉ። ሐጂ ለሶላት ሲሄዱ ጋሽ ደስታ ሁለቱንም በር ይጠብቃሉ፤ ጋሽ ደስታ ለክብረ በዓል ሲቀሩ ሐጂ። አንዱ የሌላውን ሚዛን ሳያስፈቅድ ይወስዳል። እንዲህ ያለ ጉርብትና በየቦታው አይገኝም፤ እኔም ብዙ ቦታ ፈልጌያለሁ።

ችግራቸው ጭነት ነበር። የኪራይ መኪና ሲጠብቁ ድንቹ መጋዘን ውስጥ ያጎነቁላል። ስለዚህ ተጋግዘው የራሳቸውን የጭነት መኪና ከነተሳቢው ሊገዙ ተስማሙ። አሳቡ ግሩም ነበር። እስከዚያ ድረስ ያለውን ስሰማ እኔም ደስ ብሎኝ ሁለት ቁልፍ በስሕተት ጠማማ ሰፋሁ።

«ተሳቢ የሚጎትት ናፍጣ ነው» አሉ ሐጂ ዩሱፍ ጢማቸውን ዳብሰው። «ቤንዚን ሜዳ ላይ ይሮጣል፤ የደንገጎን ዳገት ሲያይ ግን ትንፋሹ ያጥረዋል። ዋጋውም ውድ ነው።»

«ናፍጣ በሐረር ብርድ ጠዋት አይነሣማ፣ ሐጂ» አሉ ጋሽ ደስታ። «ሸክፈን ጨርሰን ሥሩ እሳት ስናነድ ልናረፍድ ነው? ቢበላሽስ ፓምፑን የሚሠራ ሰው የት አለን? ቤንዚኑን ሁሉም መካኒክ ያውቀዋል።»

ልብ በሉ፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። ነገሩ በሁለቱ መካከል ቢቀር ከምሳ በፊት ባለቀ። ግን ከተማው ሰማ።

በማግስቱ የእኔ ሱቅ ደጃፍ ችሎት ሆነ። አንድ የግብር ጸሐፊ ነበር፤ በሕይወቱ አንድ ጊዜ መኪና ላይ ወጥቶ መንገድ ሙሉ ያስመለሰው። እሱ የቤንዚን ወገን ሆነ፤ «ሞተሩ ጨዋ ነው» ይላል። ሞተር እንዴት ጨዋ እንደሚሆን የጠየቀው የለም። ከጊደር መጋላ ገበያ አንድ የቅመም ነጋዴ መጣና የናፍጣ ወገን ሆነ፤ የከባድ ነገር ሁሉ መድኃኒቱ ከባድ ነገር ነው ይላል። እነዚህ ሁለቱ በየጠዋቱ ተከታዮቻቸውን አስከትለው መጥተው ልብስ ሳያሰፉ ወንበሬን ሞልተው ይውላሉ። ስለ ፈረስ ጉልበት የሚያወሩት በቅሎ እንኳ አስረው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ሰላምታው ሳይቀር ተለወጠ፤ «እንዴት አደርክ» ቀርቶ «አንተ ከየትኛው ነህ» ሆነ።

ከዚያ ወሬ ማመላለስ ተጀመረ። ጸሐፊው ለጋሽ ደስታ፣ ሐጂ «ቤንዚን ለሙሽራ ማጀቢያ ነው፤ ደስታም ከመታየት ሌላ ምን ያውቃል» ማለታቸውን ነገራቸው። የቅመም ነጋዴው ደግሞ ለሐጂ፣ ጋሽ ደስታ «ናፍጣ የሚወድ ሰው ግማት የለመደ ነው» ማለታቸውን አደረሰ። ሁለቱም አላሉም። ቀኑን ሙሉ አፍንጫቸው ሥር የተቀመጥኩት እኔ አውቃለሁ። ይህንኑ ለሁለቱም ብናገር «አንተ መርፌህን ያዝ» ተባልኩ።

ሚዛን መዋዋስ ቀረ። ሐጂ ለሶላት ሲሄዱ በራቸውን መቆለፍ ጀመሩ። ያ የቁልፍ ድምፅ ጋሽ ደስታን እንዴት እንዳቆሰላቸው ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር፤ ግን ዞር ብለው ኮታቸውን ያራግፋሉ። በመጨረሻ ሐጂ ለብቻቸው ናፍጣ፣ ጋሽ ደስታ ለብቻቸው ቤንዚን ገዙ። ተሳቢ ለመግዛት የማንኛቸውም አቅም አልበቃም። ያ ሁሉ ንትርክ የተጀመረው በተሳቢ መሆኑን ያስታወሰ ሰው አላጋጠመኝም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከጋሽ ደስታ ጋር ከድሬዳዋ ስመለስ፣ እኔ ጨርቅ እሳቸው ስኳር ይዘን፣ ቤንዚኑ ደንገጎ ዳገት ላይ ፈላ። ሾፌሩ ድንጋይ ጎማው ሥር ወሸቀ፤ ውኃ ሞላ፤ ጠበቀ፤ ሞተሩ ግን እምቢ አለ። ወዲያው ከታች ጥቁር ጭስ ታየ፤ የሐጂ ናፍጣ ነው። ሐጂ ራሳቸው ጋቢና ውስጥ ነበሩ። ወርደው የመኪናውን ሳይሆን የጋሽ ደስታን ፊት አዩ።

«ካቦ አለን፤ እንጎትተው» አለ የሐጂ ሾፌር፣ ደስታውን መደበቅ አቅቶት።

«በናፍጣ ተጎትቼ ሐረር አልገባም» አሉ ጋሽ ደስታ። «በር ላይ የሚጠብቀኝን አውቃለሁ።»

ሐጂ ጢማቸውን ሳይዳብሱ መለሱ። «መኪናውን ማን ጠየቀህ? ይቆይ፤ ሾፌርህ ይጠብቀው፤ ነገ መካኒክ እናመጣለን። እኔ ልወስድ የቆምኩት አንተን ነው። ወላሂ፣ ያንን በር ቆልፌ ስሄድ ሶላቴ ሶላት አልሆነልኝም።»

ጋሽ ደስታ ኮታቸውን አራግፈው ጋቢናው ውስጥ ገቡ። እኔ ከጨርቄ ጋር ኋላ ጭነቱ ላይ ወጣሁ። በኋለኛዋ ትንሽ መስኮት ሲያወሩ ይሰማኛል።

«ይሸታል» አሉ ጋሽ ደስታ ብዙ ከተጓዝን በኋላ።

«በጣም ይሸታል» አሉ ሐጂ።

ከዚያ ሁለቱም ሳቁ። እርቁ ይኸው ነው፤ ሽማግሌ አልተላከ፣ ካሳ አልተጠየቀ።

ከተማው ግን እርቅ ምን ይጠቅመዋል? የናፍጣ ወገን አሸነፍን ብሎ በእኔ ወንበር ላይ ጨፈረ። የቤንዚን ወገን ጥፋቱን በሾፌሩ ላይ ጣለ። ባለመኪኖቹ አብረው ምሳ ሲበሉ ያየ ደግሞ ሁለቱም ወገን ላይ የተፈጸመ ክህደት ነው አለ።

ባልንጀሮቹ በበኩላቸው የጥንቱን አሳብ አነሡ፤ ከሁለቱ መኪና አንዱ ይሸጥና በዋጋው ተሳቢ ይገዛ። መልካም። የትኛው ይሸጥ?

«የኔ ይሸጥ» አሉ ጋሽ ደስታ። «ያንተ ጉልበት አለው።»

«ሐራም ነው» አሉ ሐጂ። «የኔ ይሸጥ። ያንተ በጠዋት ይነሣል።»

እናንተዬ፣ ይህኛው ከፊተኛው ጠብ የባሰ ረዘመ። በጥል የተነጋገረ ሰው አንድ ቀን ይደክመዋል፤ በአክብሮት የሚገፋፋ ግን የሚበግረው የለም። ጸሐፊውና የቅመም ነጋዴውም አልቦዘኑም፤ ጸሐፊው የናፍጣው ይሸጥ፣ ነጋዴው የቤንዚኑ ይሸጥ እያሉ ወንበሬን እንደገና ወረሱት።

እንዲህ ሲባባሉ የድንች ወቅት ደረሰ። የማናውቀው አንድ ነጋዴ ከድሬዳዋ ረጅም ተሳቢ የሚጎትት መኪና ይዞ መጣና የገበሬውን ድንች ከነሽንኩርቱ በአንድ ጠዋት አፍሶ ሄደ። ሐጂ ዩሱፍና ጋሽ ደስታ በየደጃፋቸው ቆመው ተሳቢው መታጠፊያው ላይ እስኪሰወር ተመለከቱ።

«በምን ነበር የሚሄደው?» አልኳቸው።

«አላየሁም» አሉ ሐጂ።

ጋሽ ደስታም አላዩም።