ኦቦ ከድር ያላንከባለሉት ኳስ

አንድን ነገር ገና በእጁ ሳይነካ ሊቁ የሚሆን ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ጢሜን በተላጨሁ ቁጥር መስታወት ውስጥ አገኘዋለሁ።

አሰላ ከባድ ኳስ አንከባልለው በመስመሩ ጫፍ የቆሙ ጠርሙስ መሰል እንጨቶችን የሚጥሉበት ቦውሊንግ መጫወቻ የለም። እኔ ግን በስልኬ ቪዲዮ ሳይ ከርሜ አዋቂ ሆኛለሁ። የመሥሪያ ቤታችን ንብረት ጠባቂ ኦቦ ከድር ጡረታ ሲወጡ፣ አዲስ አበባ ወስደን ቦውሊንግ እናጫውታቸው ያልኩትም እኔው ነኝ።

ለአንድ ሰዓት አንድ መስመር ያዝንላቸው። ቀይ ኳስ ሲያነሱ ከእጃቸው ወሰድኩት።

«ቆይ ኦቦ፣ ይሄ ሸካራ ነው፤ ዘይት በብዛት የተቀባ ወለል ላይ ነው የሚያዋጣው። ደረቅ ላይ ወደ ጎን ይታጠፍብዎታል።»

«ይሄኛው ወለል የትኛው ነው?» አሉኝ።

እኔም አላውቅም። ለማጣራት ብዬ ቀዩን አንከባለልኩ፤ ጎን ካለው ቦይ ገባ። ለማነጻጸር ለስላሳውን ሞከርኩ፤ እሱም ገባ። ከባዱንም ቀላሉንም ሞከርኩ። አንዱ ቦይ በገባ ቁጥር ምክንያቱን በሰፊው አብራራሁ፤ እሳቸውም እጃቸውን አጣምረው እንደ ተማሪ አዳመጡኝ። ማብራሪያዬን ሳልጨርስ አስተናጋጇ መጥታ ሰዓታችን ማለቁን ነገረችን።

ኦቦ ከድር አንድም ኳስ አላንከባለሉም።

ወደ አሰላ ስንመለስ መኪና ውስጥ አጠገባቸው ተቀምጬ አሰላ መዳረሻ እስካለችው ኢተያ ድረስ ቀና ብዬ አላየኋቸውም። ይቅርታ የምልበትን ቃል ስፈልግ ቀደሙኝ።

«ባለቤቴ ጨዋታው እንዴት ነበር ማለቷ አይቀርም» አሉ ቀስ ብለው። «ስንት ጣልኩ ልበላት?»