ቪዮላ ሞታለች ያልሁ ዕለት

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የራሴን መመለጥ ልጆቼ እየተቀባበሉ ነግረውኛል። የአፌን ማምለጥ የነገረኝ ግን እስራኤል አገር የምንኖርበት የአፉላ ኢሊት ሰፈር ሰው ነው፤ ያውም ነጠላውን አዘቅዝቆ።

ጡረታ የወጣ ሰው አንድ ነገር ካልተቸ ቀኑ አይመሽለትም። ጓደኞቼ መንግሥትን ይተቻሉ፤ እኔ የእልፍኝ ሙዚቃ ቅጂዎችን እተቻለሁ። ሳቁ እንጂ! ሦስት አራት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው፣ ያለ መሪ እየተሰማሙ የሚጫወቱትን ያን የፈረንጅ ክላሲካል ማለቴ ነው። ሱሱን ያስያዘችኝ ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የምትኖረው ሩሲያዊቷ ቪዮሌታ ናት። ባሏ የሞተባት፣ ልጅ የሌላት፣ የሙዚቃ አስተማሪ የነበረች ሴት ናት። ሲዲ ታውሰኛለች፤ እኔም ሰምቼ የመሰለኝን በድምፅ ቀርጬ ለሰፈራችን የዋትሳፕ ቡድን እልካለሁ። መርዶም፣ የሰርግ ጥሪም፣ የጠፋ ቁልፍም የሚነገረው እዚያው ነው።

ባለፈው ያዋሰችኝ የአራት ወጣቶች ቅጂ ነበር። ሁለቱ ቫዮሊኖች ይሽቀዳደማሉ፣ ቼሎው ከታች ያጉረመርማል። ቪዮላ የምትባለው፣ ከቫዮሊን ተለቅ፣ ድምጿም ወፈር ያለው መሣሪያ ግን የለችም ማለት ይቻላል። ተናደድሁ። ስልኬን አነሣሁና ድምፄን አሳዝኜ፣ «ወገኖቼ፣ ቪዮላ ሞታለች። ሦስቱ ጓደኞቿ እየተጯጯኹ ቀብረዋታል፤ አንድ እንኳ ያለቀሰላት የለም» ብዬ ጀመርሁ። ከዚያ በኋላ ስለ ሙዚቃው ስንት ቁም ነገር ተናግሬ ነበር። ማን ሰምቶኝ! የእኛ ሰው ሞት የሚል ቃል ከሰማ በኋላ የሚሄደው ጫማውን ፍለጋ ነው። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ። ለካ ሰፈሩ ሁሉ ቪዮሌታን አሳጥሮ ቪዮላ ነው የሚላት!

በማግስቱ ጠዋት መሀል ከተማ ዳቦ ገዝቼ ስመለስ ደረጃው በለቅሶ ተሞልቷል። ክው አልሁ። ሴቶቹ ደረታቸውን ይመታሉ፣ ወንዶቹ ወንበር ተሸክመዋል። ከፊት እትየ ውባለም፣ የሰፈራችን አልቃሽ፣ «ወይኔ ቪዮላ፣ ወይኔ ሰው የለሽ!» እያሉ ያወርዱታል። በሩ ተከፈተ። ቪዮሌታ በቤት ጫማዋ ብቅ አለች።

ሙሾው መሀል ላይ ተቆረጠ።

እትየ ውባለም ግድግዳውን ደገፍ አሉ። ከዚያ ዐይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ፣ ሞታለች ያልኸው አንተ አይደለህ? ከሥራ ሖፌሽ ጠይቄ ነው የመጣሁ!» አለኝ አንዱ፣ ፈቃዱ እንደ ተቃጠለበት ሰው ወንበሩን እያስቀመጠ።

«ማ ኮሬ? ምን ሆነው ነው?» አለችኝ ቪዮሌታ በዕብራይስጥ።

ብትቀየመኝስ? ከእሷ ሌላ ስለ ሙዚቃ የማወራው ሰው የለኝም። ግን ያን ሁሉ ለቀስተኛ አቁሜ ምን ብዬ ልዋሽ? ያልሁትን ቃል በቃል ነገርኋት። «ሰው አላልሁም፤ ሙዚቃውን ነው» ብዬ፣ ልመልስላት በከረጢት የያዝሁትን ሲዲ አወጣሁ። አልሳቀችም። ሽፋኑ ላይ ካሉት አራት ወጣቶች መካከል ከሲታዋን ልጅ በጣቷ ነካቻት።

«ይቺ እኔ ነኝ» አለች። «ማይክሮፎኑን እኔ ጋ አላስጠጉትም ነበር። እስከ ዛሬ ያስተዋለ ሰው የለም።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። አስተማሪ እንደ ነበረች እንጂ ምን ትጫወት እንደ ነበር ጠይቄያት አላውቅም።

«ምን አለች?» አሉ እትየ ውባለም።

«የሞተችው ቪዮላ... እሷው ናት» አልሁ እየተርበተበትሁ።

እትየ ውባለም ቪዮሌታን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። «ታዲያ ቤቱን መች ሳትነው?» አሉ።

ይህንንም ተረጎምሁላት። ቪዮሌታ ሲዲውን ከእጄ ወሰደች። ከዚያ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና፣ «ይግቡ በላቸው፤ ለዚያች ልጅ ያለቀሰላት አልነበረም» አለች።

ሰውም ወንበርም ገባ። እኔም ተከትዬ ገባሁ፤ ለቀስተኛ ልሁን ገዳይ ሳላውቅ።