«ሸጫለሁ» የምትለዋ ቁልፍ

(ቆቦ፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት፣ ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ቢሮ። ካሊድ የከብት መገበያያ የስልክ መተግበሪያ የሚሠራ አነስተኛ ድርጅት ኃላፊ ነው። ከዚህ በፊት የቀጠራቸው ወጣቶች ሁሉ ዓለምን ሊለውጡ መጥተው፣ ትንሽ ሥራ ሲሰጣቸው አኩርፈው ሄደውበታል። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ከጎብዬ የመጣውን አዲሱን ተቀጣሪ አበባውን፣ ገና ከበሩ ላይ፣ ተስፋውን ዝቅ እንዲያደርግ አጥብቆ መከረው። ምክሩም ካሰበው በላይ ሠራለት።)

ካሊድ፦ ኧረ ቁጭ በል አልኩህ!

አበባው፦ ወንበር ላይ? ገና በመጀመሪያው ቀን? ይቅርብኝ፣ ጋሽ ካሊድ።

ካሊድ፦ ጀማሪ ትልቅ ሥራ አይጠብቅ አልኩ እንጂ ጀማሪ ይቁም አልኩ?

አበባው፦ «በትንሹ ጀምር» አላሉኝም? ይኸው በመቆም ጀመርኩ።

ካሊድ፦ አቦ ተቀመጥ! ነገ ገበያ ነው። ስልኩ ላይ «ሸጫለሁ» የምትለዋን ቁልፍ ከግራ ወደ ቀኝ አዛውርልኝ። በቃ፣ ይኸው ነው ሥራህ።

አበባው፦ (ደንግጦ) ቁልፏን በሙሉ?

ካሊድ፦ ግማሽ ቁልፍ አለ እንዴ?

አበባው፦ እኔስ ጠርዟን ብቻ ይሰጡኛል ብዬ ነበር።

ካሊድ፦ ስማኝ። ያገራችን ሰው ቀኝ እጁ ዱላ ይዟል፤ ስልኩ በግራው ነው። አውራ ጣቱ ሳያስበው እዚያች ቁልፍ ላይ ያርፋል። ባለፈው ገበያ አንዱ ከአማቹ ጋር ሰላምታ ሲለዋወጥ ግመሉን ሸጠ!

አበባው፦ በጥሩ ዋጋ?

ካሊድ፦ ሰውዬው መሸጥ አልፈለገም እኮ!

አበባው፦ እሱም ተስፋውን ዝቅ ማድረግ ነበረበት።

ካሊድ፦ (ጭንቅላቱን ይዞ) ነገም ቁልፏ እዚያው ከተገኘች፣ ባለግመሎቹ ተሰብስበው ይሄን ደረጃ ይወጡታል። በዱላ ነው የሚያናግሩኝ!

አበባው፦ ዱላውን አስቀምጠው ስልኩን በቀኝ ቢይዙትስ?

ካሊድ፦ የራያን ሰው ዱላህን አስቀምጥ? ሂድና አንተ ንገረው!

አበባው፦ ለጀማሪ ይከብዳል።

ካሊድ፦ እንግዲያው ቁልፏን አዛውር!

አበባው፦ እሱም ይከብዳል።

ካሊድ፦ እኔ ተማሪ ሳለሁ የመጀመሪያ ሥራዬ ጥቁር ሰሌዳ ማጥፋት ነበር። ጠመኔው እላዬ ላይ እየበነነ፣ እንደ ሹመት ቆጥሬው፣ ደስ ብሎኝ ነበር የማጠፋው!

አበባው፦ (ዙሪያውን እያየ) ታዲያ እዚህ ሰሌዳ የለም?

ካሊድ፦ የለም!

አበባው፦ እሱ ነበር የሚመጥነኝ። እውነቱን ልንገርዎ፣ ስመጣ ሮቦት የምሠራ መስሎኝ ነበር። ምክርዎ ግን ልቤ ገባ።

ካሊድ፦ ምክሬን መልሼ ወስጃለሁ! ወላሂ አንተ ትልቅ ሰው ነህ! ሮቦት ትሠራለህ!

አበባው፦ መቼ?

ካሊድ፦ ቁልፏን እንዳዛወርክ!

አበባው፦ አያባብሉኝ። ተስፋዬን ጠዋት አውርደውልኝ፣ አሁን መልሰው ሲያሸክሙኝ ወገቤን ያመኛል።

ካሊድ፦ (ኮምፒዩተሩን ወደ ራሱ እየሳበ) ተወው! ራሴ እሠራዋለሁ! ምን አላት ይቺ! (መነጽሩን አድርጎ ይነካካል።) ያ ረቢ! ቁልፏ የት ገባች?

አበባው፦ ወደ ላይ ወጣች።

ካሊድ፦ ማን ውጪ አላት?

አበባው፦ እርስዎ። ይመልሷት። አዎ። አሁን ከሥር ያለችው መስመር ላይ፣ ግራ የሚለውን አጥፍተው ቀኝ ብለው ይጻፉ። ቀስ ብለው። አይጨነቁ፣ እኔ አለሁ።

ካሊድ፦ (በአንድ ጣቱ እየጻፈ፣ ግንባሩን ላብ አጥምቆት) ሄደች! አበባው፣ ተመልከት፣ ወደ ቀኝ ሄደች! እኔ ነኝ የወሰድኳት!

አበባው፦ አየሁ፣ አየሁ።

ካሊድ፦ (ከመቀመጫው ብድግ ብሎ) ሌላ ስጠኝ! ከበድ ያለ! እችለዋለሁ!

አበባው፦ (ትከሻውን መታ መታ እያደረገ) ቀስ ይበሉ፣ ጋሽ ካሊድ። ጀማሪ ሁሉ እንዲህ ይቸኩላል።